ሶርያውያኑ እንዴት ያነቡታል?

ለልጄ ለአባ ወልደ ሰንበት፣ ኢየሩሳሌም።

ከጋይንት የተነሣው ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ገብሱም ጎተራ ገብቷል። የአምናው ደብዳቤዬ ሳይደርስህ ቀርቶ ይሆናል።

ፊደል ብቻዬን ከቆጠርሁ ወዲህ ጥያቄ በዝቶብኛል። በስቅለት «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ» ሲባል ሰምቼ፣ ጌታ በገዛ አፉ እንዲሁ ብሎት እንደ ሆነ መሪጌታ ታፈረን ጠየቅሁ።

«ሶርያውያን ‹ሸበቅታኒ› ይሉታል አሉ። ‹ለምን ተውኸኝ› ማለት መሆኑን ካወቅሽ፣ ታንጉት፣ ድምፁ ምን ይረባሻል?» ብለው ሳቁብኝ።

አባትህ በሞተ ዓመት፣ ሌላ ትዳር ፈልጌ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ከየኔታ ደጅ ትቼህ ስሄድ፣ አንተ ቃል አልተናገርህም።

እዚያ ኢየሩሳሌም ያሉት ሶርያውያን መነኮሳት ሲያነቡት ጠጋ ብለህ አድምጥልኝ። እንደ ተቆጣ ሰው ነው የሚሉት፣ ወይስ እንደሚጣራ ልጅ?

በጸሎትህ አስበኝ።

እናትህ ታንጉት