ልጅህ ፍሪሲዮኑንም ነዳጁንም አልለቀቀችም

የቤዛ አባት፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ሞላን። ደህና ነኝ ብልህ ግማሹ እውነት ነው። መንገዱ ሲቆፈር እያየህ «ይሄ ጉድጓድ ሰው ይውጣል እንጂ ባቡር አያመጣም» ስትል ነበር። ባቡሩ ይኸው ቃሊቲ ደርሶ ሰው ያመላልሳል። ተሳስተሃል። ዛሬ የምጽፍልህም ሌላ የተሳሳትክበትን ነገር ልነግርህ ነው።

ቤዛ አስራ ሁለተኛን ጨርሳ «ፓይለትም እሆናለሁ፣ ዲግሪም እይዛለሁ» ስትል አንተ በዚያ በመጨረሻ ሕመምህ አልጋ ላይ ነበርክ። «ሁለት ነገር አትያዝ፣ አንዱን ትምረጥ» አልክ። ወንድምህ ጋሽ ኃይሉ አጠገብህ ነበሩና ያቺን ቃል እንደ ኑዛዜ ይዘዋት ቀሩ።

ልጅህ ግን ዲግሪውን በርቀት ጀመረች። ዘንድሮ ደግሞ የበረራ ትምህርት ቤት ገባች። ከሰኞ እስከ ዓርብ አውሮፕላን፣ ቅዳሜና እሁድ ሞጁል። ባቡር ላይ ታነባለች፣ ፀጉሯን እየሠራኋት ታነባለች። እትዬ ዘነቡ እድር ላይ ምን ብለው እንዳወጁ ልንገርህ? «የቤዛን ሰማችሁ? የቅርቡን በረራ ጨርሳ የርቀቱን ጀመረች!» ሰፈሩ ከዱባይ ሽቶ ማዘዝ ጀመረ። አላረምኩም። የጋዜጣ ዓምድ ጸሐፊ ሆኜ እንዲህ ያለ ወሬ በእጄ አላበላሽም።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ጠነከረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምትበርበት ቀንና የርቀቱ ማጠቃለያ ፈተና አንድ ሳምንት ላይ ገጠሙ። ልጅቷ ከሳች። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ፍርሃቴን ለጋሽ ኃይሉ አወራሁ፤ አፌን ታውቀዋለህ። እሳቸውም ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡና ከፎቶህ ሥር ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የአባትሽ ቃል ነው። ወይ ዲግሪውን ወይ በረራውን ተይ። እምቢ ካልሽ ከእንግዲህ አጎቴ እንዳትይኝ።»

ቤዛ ሞጁሏን ዘጋች።

«ጋሼ፣ መንዳት ያስተማረዎት አባዬ አይደል?» አለች ቤዛ።

«ነው።»

«የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ የወደቁት ለምን ነበር?»

ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩዋቸው። ጋሽ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያው... ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቅቄ።»

የቤዛ አባት፣ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማጆችህን ስታስተምር ይቺ ልጅ ከኋላ ወንበር ትቀመጥ ነበር። ለማጁ ዳገት ላይ ሲያስነሳ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አንተ ትጮሃለህ፦ «ፍሪሲዮኑን ቀስ! ነዳጁን ጨመር! አንዱን በድንገት ከለቀቅክ ወይ ይጠፋብሃል ወይ ቁልቁል ትሄዳለህ! ሁለት እግር የተሰጠህ ለምንድነው?» እኛ የምትጮኸው ለለማጁ ብቻ መስሎን ነበር።

«እኔም አሁን ዳገት ላይ ነኝ» አለች ልጅህ። «እርስዎ አባዬ ታሞ አንድ ቀን ያላትን ይዘዋል። እኔ ጤነኛ ሆኖ በየቅዳሜው የጮኸውን ይዣለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሽ ኃይሉ ኮፍያቸውን አንስተው ሳይመርቁ ወጡ። በሩ ላይ ግን ቆም ብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ፈተናው መቼ ነው?» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ብቻዋን በረረች። ቅዳሜ ጠዋት በራችን ላይ ክላክስ ሲጮህ ወጣሁ፤ ጋሽ ኃይሉ በዚያች አሮጌ መኪናቸው ሊያደርሷት መጥተዋል። ዳገቱ ላይ አልጠፋባቸውም አለችኝ።

ውጤቱ ገና አልመጣም። ብትወድቅ ደግማ ትፈተናለች እንጂ አትተውም። ማንም አያስተዋትም፤ አንተም ጭምር።

አልተቀየምኩህም። ያን ቀን የተናገረው ሕመምህ ነው። ያቺን ቃልህን ግን አላስታውስልህም፣ ከቤቴ አስወጥቻታለሁ። የማስታውስህ ክንድህን በመስኮት አውጥተህ ዳገቱ ላይ ስትጮህ ነው። ያንን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅህም አትረሳውም። ያን ሐሙስ ከአውሮፕላኑ ወርዳ ስትደውልልኝ ሰላም እንኳን አላለችኝም።

«እማዬ፣ እዛም ሁለት ፔዳል ነው ያለው።»

ያንተው፣
የቤዛ እናት