ግንብ የደፋችው ሴት

ረቡዕ
እናቴ ጉድ ሠራችኝ! የአባቴን የነሐስ ሳንቲም በሎሚና በአመድ ፈትጋ ወርቅ አስመስላታለች። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየች የግሪኮች ሳንቲም! የታሪክ መምህሩ ይስሐቅ “አረንጓዴውን ዝገት እንዳትነኩት፤ ዕድሜዋ እሱ ነው” ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ መጥቶ ለሙዚየም ሊወስዳት ነው። ከሥሯ በካርድ የአባቴ ስም ይጻፋል። እኔ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ነድቶ ስሙ የተጻፈው መንጃ ፈቃዱ ላይ ብቻ ነው።

“ምነው እማዬ?” ብላት፣ “እንግዳ ሊያያት ይመጣል አላልሽም? ያልታጠበ ዕቃ ለእንግዳ ይቀርባል?” አለችኝ። በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ሐሙስ
ተኮራርፈናል።

ሥራ ቦታ አባቴ ትዝ አለኝ። ሳንቲሟን የሰጠው ጋራዥ የነበረው ግሪካዊ ወዳጁ ነው፣ አገሩ ሲገባ። ባንድ በኩል የሮማ ንጉሥ፣ በሌላው ግንብ የመሰለ ዘውድ የደፋች ሴት። “ይቺማ ጎንደሬ ናት፤ የፋሲልን ግንብ ተሸክማ” ይለን ነበር። እናምነው ነበር! ደባርቅ ሲወስደን፣ ኮሶዬ ላይ ጭጋግ ሲወርድ፣ መኪናውን አቁሞ ኪሱ ውስጥ በአውራ ጣቱ ያሻት ነበር። ናፈቀኝ፤ በጣም ናፈቀኝ።

ቤት ስገባ እናቴ ቀና ሳትል፣ “አባትሽ እያለ መቼ አረንጓዴ ነበረች? የዛገችው እሱ ከሞተ ወዲህ ነው” አለች። እውነቷን ነው። ይህን እንዴት ረሳሁት?

ቅዳሜ
ይስሐቅ መጣ። ሳንቲሟን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። በአጉሊ መነጽር አገላበጣት። ሴትዮዋ የከተማዋ ጠባቂ ናት አለ፤ ዙሪያዋን የተጻፈው የከተማዋ ስም ነው። ግሪኮቹን ሮማውያን ቢገዟቸውም የከተማቸውን ስም በራሳቸው ፊደል ጻፉ።

“ተፈትጋለች፤ ቢሆንም እንወስዳታለን። የአባትሽም ስም ይጻፋል” አለ። እፎይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሳንቲሟ እናቴ እጅ ላይ ነበረች። “አምጫት እማዬ” ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰማችኝም። ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው፤ አውራ ጣቷ ሴትዮዋ ላይ ይዞራል፣ ልክ እንደ አባቴ። እጄን ሰበሰብኩ።

ይስሐቅም አየ። “በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እማማ” ብሎ ተነሣ።

“ሸጋ ልጅ ነው” አለች ከሄደ በኋላ።

እሁድ
የአባቴን ስም ካርድ ላይ አሳምሬ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አነሣችው። ቀስ ብላ አነበበችው። “ሸጋ ነው፤ እዚሁ ይቀመጥ” አለችና ሳንቲሟ ያለችበትን የቀሚሷን ኪስ ዳሰስ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ለይስሐቅ ምን እንደምለው እንጃ።