ስለ ሼህ ኦብሲዬ ጉድጓድ ለክቡር ሙሴ ፌኔሊ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1947 ዓ.ም.

ለሳሙና ፋብሪካ ባለቤት፣ ቀድሞ በእንግሊዝ ቅኝ አገር የምክር ቤት አባል ለነበሩት፣ አሁን ደግሞ የከተማችን የውሃ ጉዳይ አማካሪ ለሆኑት፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነትና በአላህ ፈቃድ፣ ውሃ ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። በአዲሱ ሹመትዎ እንኳን ደስ ያለዎ፤ የሰፈራችን ውሃ በማን እጅ እንዳለ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ሹመቱ ለሚገባው ደርሷል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አሥራ አራት ዓመት አስተርጓሚዎ የነበርሁት እኔ ምስጋናችንን ከሥሩ ጀምሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አንድ ሻንጣ ይዘው በመጡ ጊዜ፣ በደቻቱ ወንዝ ዳር ሼህ ኦብሲዬ በገዛ እጃቸው ከቆፈሩት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው፣ አየርላንድ ውስጥ አንድ ባለ ርስት አያትዎን ከመሬታቸው ነቅሎ ጎጆአቸውን እንዳፈረሰባቸው ስላጫወቱን እናመሰግናለን። በቅኝ አገሩ ምክር ቤት የመሬት ሕግ ሲያወጡ እንደ ኖሩ ሲነግሩንም፣ የተበደለ ሰው ተምሮ ለድሃ የቆመ መስሎን ነበር። ሼሁ አዝነውልዎ ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ ሰጡዎት።

ሁለተኛ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ የጎረቤት ምስክርነት ያስፈልገኛል ብለው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ስላመጡልን እናመሰግናለን። እኔ ፈረንሳይኛ እናገራለሁ እንጂ አላነብም፤ ስለዚህ ከአፍዎ የሰማሁትን ለሼሁ በሶማልኛ፣ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ አስተረጎምሁ። እንግዳን ወረቀትህ ይነበብ ማለት በእኛ ዘንድ ሌባ ነህ ማለት ነውና፣ ይሉኝታ ይዞን ማንም ሌላ ሰው አስጠርቶ አላስነበበም። ሼሁ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከፈረሙ በኋላ መረቁዎት። በዚያ ወረቀት ጉድጓዱንና ዙሪያውን ለዘለዓለም ለእርስዎ እንደ ሰጠን ያወቅነው አጥሩ ሲታጠር ነው። እኔ እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ እርስዎ ሲያፍሩ ግን አላየሁም፤ ይሉኝታ ከሻንጣዎ ውስጥ አልነበረም መሰለኝ።

ሦስተኛ፣ አርባ አባወራ በወረቀት ፈቃድ፣ በተራና በሰዓት እንዲቀዳ ሥርዓት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ፋብሪካው ቅዳሜና እሑድ ሲዘጋ ጉድጓዱም አብሮ ይዘጋል፤ ጥማችን ግን የሥራ ቀን አያውቅም።

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሼህ ኦብሲዬ አረፉ። ለአስከሬናቸው ማጠቢያ ሁለት ባልዲ ውሃ ለመለመን ወደ በሩ ሄድን። ዘበኛዎ ኑርቶ አንገቱን ደፍቶ ትእዛዙ ትእዛዝ ነው፣ ሰኞ ኑ አለን። ኑርቶን አንወቅሰውም፤ የልጆች አባት ነው። ከባቡር ጣቢያው በአህያ ውሃ አስመጥተን አጥበን ቀበርናቸው። እኔ አፈር ስመልስ ዋልሁ፤ እንባ እንኳ አልመጣልኝም፤ ዛሬም አልመጣም። ተናድጄ ብጽፍልዎ ይሻል ነበር፤ ግን ደንዝዣለሁ።

ስለዚህ በሩ ቅዳሜና እሑድም እንዲከፈት፣ ቢቻል ደግሞ አጥሩ እንዲነሣ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በአጥርዎ ማዶ ሆኜ ጤናና ረጅም ዕድሜ የምመኝልዎ፣ ያላነበብሁትን ወረቀት ለወገኖቼ ያስተረጎምሁ ታዛዥዎ፣

ወልደ ማርያም ማዘንጊያ

ማስታወሻ፦ በታዘዝነው መሠረት የሼሁ ልጅ ኢስማዒል ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ተገኝቶ ሁለት ባልዲ ውሃ በሥርዓት ተረክቧል። ውሃው እስከ ዛሬ ከቤቱ ደጃፍ አልተነሣም፤ ለሟች የተለመነ ውሃ ነውና የሚጠጣው ሰው ጠፍቷል። የውሃ አማካሪ ነዎትና ምን እንደምናደርገው ቢያስታውቁን።