እናትሽ መዋሸት ጀመረች

አዳማ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሃኒ፣ ኢንተለ ኮ፣

ይህ ወረቀት የሚደርስሽ ከጭኮው ዕቃ ሥር ተጣጥፎ ስለሆነ ቅቤ ቢነካው አትገረሚ። የጎረቤታችን የፎዚያ ልጅ ኑሰይባ ለትምህርት ወደ ሆላንድ መምጣቷ ነው። እኔም አጋጣሚውን አግኝቼ በእጄ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይኝ። በስልክ ስናወራ እናትሽ ከአጠገቤ አትጠፋም። እኔ ሆዴን ቆርጦኝ ዝም ስል፣ አንቺ ዝምታውን እንዳትሰሚ እሷ ጮክ ብላ ማውራት ትጀምራለች።

ባለፈው እሑድ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «አባዬ፣ ጥናቴን አቋርጬ ለገና ልምጣ ወይስ በሰኔ ጨርሼ?» ብለሽኝ እኔ ስለ ፓፓያው ዛፍ አወራሁልሽ። መልሱን እዚህ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። አሁኑኑ ገልብጠሽ እንዳታዪው ብቻ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ መጽሐፍ ከኋላ የመጀመር አመል አለብሽ።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ንግግርሽን ደጋግሜ ሰማሁት። የውሸትን ሳይንስ ልማር ብለሽ ስትነሺ እናትሽ እንዴት እንደደነገጠች ታስታውሻለሽ? «ለውሸት ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ይኬዳል?» ብላ ለጸሎት ቡድኗ ስምሽን ሰጥታ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። ሰው ሁሉ ውሸታም ዓይኑን ይሰብራል ብሎ ያምናል፣ ጥናቱ ሲፈተሽ ግን ዓይን ብዙም የሚናገረው ነገር የለም አልሽ። መርማሪ ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ አብራ ያረጀች ሚስትም ቢሆኑ ፊት አይተው ሲፈርዱ ሳንቲም ወርውሮ ከሚገምት ሰው እምብዛም አይሻሉም አልሽ። ያ ውሸት ይለያል ተብሎ ደረት ላይ የሚታሰረው መሣሪያ እንኳ የሚለካው ድንጋጤን ነው፣ እውነተኛ ሰውም ይደነግጣል አልሽ። የሚሻለው ወሬውን ማዳመጥ ነው፤ እውነቱን የሚያወራ ሰው ሄደሽ ልታጣሪው የምትችይውን ዝርዝር ይጨምራል፣ የሚዋሽ ያሳጥራል። ሁለት ሰዎች ተማክረው ከዋሹ ደግሞ ያላሰቡበትን ጥያቄ ለየብቻ ጠይቋቸው አልሽ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን መልካሳ እርሻ ምርምር ውስጥ ቦሎቄ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አዲስ ዝርያ ስንሞክር አጠገቡ የምናውቀውን ዝርያ እንዘራ ነበር፣ ማነጻጸሪያ ከሌለ የአዲሱ ነገር አይታወቅማ። ሰውንም ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አነጻጽሩት ስትዪ ሰማሁና ብቻዬን ሳቅኩ። ትምህርትሽ ቤታችን ውስጥ ሥራ ላይ እንደሚውል ያኔ አላወቅኩም።

በጥቅምት መጀመሪያ ሆዴ ጠናብኝና እናትሽና ወንድምሽ አማኑ ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ምርመራው ሁሉ አልቆ ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ በትሕትና፣ «አባባ፣ እርስዎ ውጭ አረፍ ይበሉ፤ ቤተሰብዎን ላናግር» አለኝ። አየሽልኝ የአገራችንን ነገር? ሆዱ የእኔ፣ ወሬው የእነሱ! አልፈርድበትም። የገዛ አባቴ ሁሩታ ታሞ ተኝቶ ሳለ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። እሱም ያውቅ ነበር ይሆን እያልኩ ሰሞኑን አስባለሁ።

ከዶክተሩ ክፍል ሲወጡ እናትሽ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ጨጓራ ነው አለ። በቃ» አለችኝ።

እናትሽን ታውቂያታለሽ። ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳ ብትመለስ የባጃጁ ሾፌር የማን ልጅ እንደሆነ፣ በመንገድ ማን ሰላም እንዳላት፣ ማን አይቶ እንዳላየ እንዳለፋት፣ ንፋሱ የማንን ጃንጥላ እንደገለበጠ ሳትነግርሽ ሽንኩርቱን ከዘንቢሉ አታወጣም። ግማሽ ቀን የፈጀብንን ሆስፒታል ግን «በቃ» ብላ ጨረሰችው። በማግስቱ ሆን ብዬ ስለ ገበያዋ ጠየቅኳት፤ ምሳ እስኪቀርብ አወራችልኝ። ቀጥዬ ስለ ዶክተሩ ጠየቅኳት። «አልኩህ እኮ፣ ጨጓራ ነው» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ማነጻጸሪያዬ ይኸው።

አማኑ ደግሞ ሌላ ነው። ባንክ ሠራተኛ ሆኖ፣ ራሱን ችሎ እንኳ እኔን ሲያናግር አንገቱን ደፋ ማድረጉን አልተወም። ያን ሰሞን ግን ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ጨጓራ ቀላል ነው አባዬ» ይለኝ ጀመር። ልጄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ያየኝ ሊዋሸኝ ነው! አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፊው።

ከዚያ ያላሰቡበትን ጥያቄ ፈለግኩ። መጀመሪያ እናትሽን ጓዳ ውስጥ፣ «ዶክተሩ ሲነግራችሁ የት ነበር የተቀመጣችሁት?» አልኳት። «ቆመን ነበር፤ ለጨጓራ ማን ይቀመጣል?» አለችኝ። ማታ አማኑ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ተቀብዬ ይህንኑ ጠየቅኩት።

«ወንበር ነበረ አባዬ፤ እኔ ተቀመጥኩ። እማዬ ግን ወለሉ ላይ…» አለና ቆመ።

«ወለሉ ላይ ምን?»

«ቦርሳዋን አስቀመጠች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሊያየኝ አልቻለም።

ሃኒዬ፣ ለጨጓራ ብላ ወለል ላይ የምትቀመጥ ሴት የለችም። ፈራሁ። አልደብቅሽም፣ በጣም ነው የፈራሁት። ፓፓያው ሥር ወንበሬን አውጥቼ ተቀመጥኩና እናትሽን እዚያ ወለል ላይ አየኋት፤ ከራሴ ይልቅ ለእሷ አለቀስኩ።

አንቺም አላመለጥሽኝም። በሳምንት አንድ ቀን እሑድን ጠብቀሽ ትደውዪ የነበርሽው ልጅ በየቀኑ መደወል ጀመርሽ። መታመሜን ማንም እንዳይነግርሽ ብዬ አስጠንቅቄ ነበር፤ አንቺ ግን ገና ሰላም ሳትዪኝ «ወተት ለጨጓራ አይሆንም አባዬ» አልሽኝ። ይህን ያህል ተምረሽ እንዲህ ትዋሻለሽ? ለአስተማሪሽ እንዳትነግሪው፣ ዲግሪውን እንዳይከለክልሽ።

አሁን ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። እናትሽ እንግዳ ሲመጣ «የለም በይው» ብላት እንኳ እምቢ የምትል ሰው ነበረች። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ትዋሻለች፤ አትችልበትም ደግሞ። የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ በጥፍሯ ፍቃዋለች። ማልቀስ ሲያምራት መታጠቢያ ቤት ገብታ እንዳልሰማት ቧንቧ ትከፍታለች። አዳማ ውኃ በፈረቃ እንደሆነ ይጠፋታል፤ ቧንቧው ዝም ይላል፣ የሚሰማኝ የእሷ ለቅሶ ብቻ ነው። ስትወጣ ፊቷን ታጥባ የወጣች መስላ ፎጣ ይዛ ትመጣለች፤ ፎጣው ደረቅ ነው።

አንድ ቀን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። አጥሚት ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ዛሬ ፊትህ ጥሩ ነው ቀነዓ» አለችኝ። «ጨጓራው ሳይለቀኝ አልቀረም» አልኳት። እንዴት ደስ እንዳላት ብታዪ! ያን ቀን የአዝማሪ ያህል አወራች። ያንን ደስታ እውነት ልናገር ብዬ አልነጥቃትም። ምናልባት እሷም ማወቄን ታውቅ ይሆናል። ሁለት ሰዎች እየተዋወቁ ሲዋሹ የሚለይበት መንገድ ካለ ጠይቀሽ ንገሪኝ።

ለአንቺ ብቻ የጻፍኩት በምክንያት ነው። እኔ ካለፍኩ በኋላ እናትሽ «እየዋሸሁት ሄደ» ብላ ራሷን እንደምትቀጣ አውቃለሁ። ንስሐ ትገባበታለች፣ ለጸሎት ቡድኗ ትናገራለች፣ እንቅልፍ ታጣበታለች። ያኔ ይህን ወረቀት አንብቢላት። አባዬ ያውቅ ነበር በያት። በሕይወቷ የዋሸችው ለእኔ ብላ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያም ውሸቷ ውስጥ ከመቼውም ይልቅ እንደወደደችኝ ማየቴን ንገሪያት። እስከዚያ ድረስ ግን ለእሷም ለአማኑም ትንፍሽ እንዳትዪ። ስትደውዪም የጨጓራ ምክርሽን አታቋርጪ፤ እየሰለጠንሽበት ነው።

ፓፓያው በዚህ ዓመት ከልክ በላይ አፍርቷል። ንፋሱ ግንዱን ቢያዘምመውም አማኑ በእንጨት ደግፎልኛል፤ ታችኛዎቹ ፍሬዎች ቢጫ መያዝ ጀምረዋል፣ ወፎቹ ቀድመውን እንዳይጨርሱት እናትሽ አሮጌ ሻሿን አልብሳቸዋለች። ክፍልሽንም አስጸድቼዋለሁ። መስኮቱ አሁን ይዘጋል፤ ፍራሹን ፀሐይ አስመትተነዋል።

በሄድሽበት ሁሉ ጌታ ይቅደምልሽ። ብርዱ አይጉዳሽ። ያስተማርሽው ይታመን፣ የደከምሽበት ይባረክ። ለአንቺ አባት በመሆኔ አንድም ቀን አልከፋኝም፤ ይህን በአካል ሳልነግርሽ እንዳይቀር ብዬ እዚህ አስገባሁት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። በሰኔ ጨርሰሽ ነይ። እጠብቅሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

በቃ።

አባትሽ ቀነዓ