የአባባ ገመድ ቋጠሮዎች

እህት ዓለም፣

ዛሬ አሠልጣኛችን የምታውቁትን የውሃ ጉድጓድ ኮምፒውተሩ ላይ አስመስላችሁ ሥሩ ቢሉን የጓሯችንን ሠራሁ። እስከ ውሃው ድረስ የአባባ ገመድ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ስለሆነ፣ አንዱን ቋጠሮ አንድ ሜትር ቆጥሬ አሥራ ሁለት ሜትር ብዬ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ሰፈሩ ሁሉ በፓምፕ ቢስብ በሦስት ዓመት ይደርቃል ብሎ ቀይ አበራብኝ። ከዚያ ገመዱ ትዝ አለኝ። ለካ አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገመዱን የቋጠረው በሜትር ሳይሆን በክንዱ እየለካ ኖሯል።

«የነገርከውን እንጂ ሌላ አያውቅም» ብለው ሳቁ አሠልጣኙ ይህን ስነግራቸው። «ክንዳቸው ስንት ነበር?»

 እዚህ ማሠልጠኛው ውስጥ በየክፍሉ ቧንቧ አለ፤ እኔ ግን የባልዲያችን ድምፅ ናፈቀኝ። እባክሽ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ያለውን ለክተሽ ላኪልኝ። የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላ፤ እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ገመዱ አርጅቷል ብላ እንዳትጥለው። የክንዱ ልክ የቀረን እሱ ላይ ብቻ ነው።