ሽፍታውም ሸሪፉም እኔ

ሰኞ፣ ኦገስት 1፣ 1949

…ከዚያ በኋላ አባቴ ምን አለ? ፈረሱ ወንዙ ዳር ወድቆ፣ እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ… የቀረው ጠፍቶብኛል። ዛሬ አሸዋው ላይ ስጋልብ ለምን ትዝ አለኝ?

ጠዋት ለካሜራው ሕግ አስከባሪውን ሸሪፍ ሆኜ ሽፍታውን አሳደድኩ። ከምሳ በኋላ ልብስ ቀይሬ፣ ሽፍታ ሆኜ፣ በዚያው መንገድ ሸሸሁ። ተዋናዮቹ አይጋልቡም። ለሁለት ጋላቢም በጀት የለም። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም እኔ ነኝ።

ልብስ የምታለብሰን ኤድና ሸሚዜን እየተቀበለችኝ፣ "እህስ ሮስኮ፣ ዛሬ ያዝከው ወይስ አመለጠህ?"

"ደክሞኛል።"

"የትኛችሁ?"

ማክሰኞ፣ ኦገስት 2

ዳይሬክተሩ ሃስኬት ጠራኝ። አርብ የሽፍታው ፈረስ ይወድቃል አለ። በሽቦ። አንዱ ጫፍ መሬት ላይ ከተቸከለ ብረት፣ ሌላው ከፈረሱ የፊት እግሮች… ሽቦው ተስቦ ሲያልቅ ፈረሱ በአፍጢሙ ይደፋል። አንዳንዱ ይነሳል።

የሽፍታው ፈረስ ጁኒፐር ናት። የኔዋ። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ነን። ፈጣን ናት ብዬ ለሽፍታው የመረጥኳትም እኔው።

"ሌላ ፈረስ እንፈልግ፣ ሚስተር ሃስኬት።"

"ግንባሯ ነጭ ነው እኮ! ሳምንት ሙሉ ተቀርጻለች። ተመልካቹ ዕውር መሰለህ?"

እኔን ሁለት ሰው ስሆን ያላየ፣ የፈረስ ግንባር ያያል?

ረቡዕ፣ ኦገስት 3

ጉልበቴ አብጧል። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው… ከዚህ ወዲያ ማን ይቀጥረኛል?

ሐሙስ፣ ኦገስት 4

"እኔ ብቻዬን ልውደቅ፤ እሷ ትሩጥ" አልኩት ሃስኬትን።

"ሰው ሲወድቅማ የትም ይታያል። ፈረስ ሲወድቅ ነው ሰው ከወንበሩ የሚነሳው።" ሲጋራውን ረገጠ። "እምቢ ካልክ አሁኑኑ ንገረኝ። ግን ወሬ እንደሚሮጥ ታውቃለህ። ሌላም ቦታ ኮርቻ ላይ አትወጣም።"

እሺ አልኩ። እሺ አልኩ…

አርብ፣ ኦገስት 5

ሽቦው የሚያያዝበትን የቆዳ ማሰሪያ ይዤ ጎንበስ ስል እግሯን አነሳችልኝ። የኮቴዋን ብረት ጫማ የምቀይርላት መስሏት። ቀጥላ ሌላኛውን። ሳልጠይቃት።

አሰርኩላት። ሽቦውን ግን አላያያዝኩትም። አስቤበት ነው? አይመስለኝም። እጄ እምቢ አለ።

"ጀምር!" ተባለ። ጋለብን። ብረቱን አለፍን፣ ካሜራውን አለፍን። ከኋላዬ ሃስኬት፣ "ውደቅ! ውደቅ እንጂ፣ አንተ የተረገምክ!" ካሜራው ውስጥ የቀረን የመቅረጫ ፊልም ያ ብቻ ነበር፤ ድጋሚ መቅረጽ አይቻልም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 6

ኤድና በረቱ ድረስ መጣች። ሽፍታው ያመልጣል አለች፤ ሸሪፉ ባዶ መንገድ እያየ ፊልሙ ያልቃል። ሌላ ምን ያድርጉ? የእኔን ስም ከፊልሙ ሰርዘውታል። በቀጣዩ ሳምንት ልጋልብላቸው የነበሩት ሌሎች ፊልም ሠሪዎችም "አይምጣ" ብለዋል።

"አሁን ምን ልትሠራ ነው?"

ኮርቻውን መኪናው ላይ ጫንኩ።

"ሮስኮ፣ እያናገርኩህ እኮ ነው።"

ጁኒፐርን ተሳቢው ውስጥ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁት።