«ልጅ ለባዕድ አይሰጥም» ያልኩሽ ነገር

ኪሱጉ፣ ካምፓላ
ጥቅምት 2014

ይድረስ ለልጄ ለአክበረት፤ የአባቶችሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ሕፃናቱንም በክንፉ ይጋርድልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዝናቡ አላባራም እንጂ ጉልበቴስ ተሽሎኛል።

ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው። ካናዳ እንደገባሽ ልጆች የምትይዝልኝ ፊሊፒናዊት ጎረቤት አገኘሁ ስትዪኝ፣ «ልጅ ለባዕድ አይሰጥም!» ብዬ በስልክ ጮህኩብሽ። አንቺም ቃሌን አክብረሽ ያገኘሽውን ሥራ ትተሽ ይኸው ቤት ተቀመጥሽ።

እዚህ ደግሞ የሕፃናት ማቆያው በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ ጎረቤቴ ናካቶ ዓሣ ልትሸጥ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጋባ ገበያ ስትወርድ ትንሿን ልጇን እኔ ጋ ትተዋለች። ማቶኬ የሚሉትን የተቀቀለ ሙዛቸውን አጎርሳታለሁ፤ ስትነጫነጭ አዝላታለሁ። ትናንት እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ «ጃጃ! ጃጃ!» እያለች ቀሚሴን ይዛ አለቀሰች። በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ናካቶ ሳቀች፤ እኔ ግን አፈርኩ። ለእሷ እኔ ማን ነኝ? ቋንቋዋን እንኳ በቅጡ የማልችል ባዕድ አይደለሁም? ልጇን ስትሰጠኝ ግን አንድም ቀን ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አላየሁም።

ያንቺን ማዘል ሲገባኝ የሰው ልጅ አዝዬ አንቺን ከለከልኩሽ። ይቅር በዪኝ። ሂጂና ሴትዮዋን አነጋግሪያት። መጀመሪያ አብረሻቸው ዋዪ፤ ሲለምዱ ትተሻቸው ውጪ።

እመቤቴ እንጀራሽን ትባርክልሽ። ብቻ የሴትዮዋን ስም ጻፊልኝ። የክርስትና ስሟን ባላውቀውም ግድ የለም፤ ለልጆቹ ስጸልይ አብሬ እጠራታለሁ።

እናትሽ ወሰንየለሽ